ምንም የተለየ ነገር የለውም

እሺ… ቀይዋ መብራት በርታለች። እየቀዳ ነው።

ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፣ ግን ይሄ ነገር አልለቀቀኝም። ራስ ምታቴን መቼም ታውቁታላችሁ፣ ስንት ክፍል አሰልችቻችኋለሁ። በመጨረሻ የአንጎል ምስል፣ ኤምአርአይ የሚሉትን፣ ተነሣሁላችሁ። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ እያሳየ፣ «ጤነኛ ነው፤ ምንም የተለየ ነገር የለውም» አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባል፣ አይደል? ብሎኛልም። ግን ደረጃውን ስወርድ… ምንም? ትንሽ እንኳ? ከልጅነቴ ጀምሮ «ይሄ ልጅ ፈጠራ አለው» ሲሉኝ የኖሩት ሰዎች ምን አይተው ነው?

እስኪ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እስክሪብቶው መሃል ላይ ቆመ፤ 200 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ክሮች ግራና ቀኙን የሚያገናኙበት ቦታ ላይ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «ፈጠራ በቀኝ በኩል ነው አይደል?» አልኩት። ሳቅ አለ። ከዚያ ያችኑ ደገማት፦ «ምንም የተለየ ነገር የለውም።» አንዴ አይበቃም?

ቤት ገብቼ ሳነብ አደርኩ። ለካ የቀኝ አንጎል ሰው፣ የግራ አንጎል ሰው የሚባለው ወሬ ነው። በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1,011 ሰዎችን የአንጎል ምስል አይተው እንዲህ ያለ ሰው አጡ። የአንስታይን አንጎል እንኳ 1,230 ግራም ነው፤ ትልቅ አይባልም። ደግሞ 240 ቦታ ቆራርጠውት… ምስኪን። ይሄ ራሱን የቻለ ክፍል ይወጣዋል።

ነገሩ ያለው ግንኙነቱ ላይ ነው ይላሉ። ሐሳብ ሲባዝን የሚነቃ መረብ አለ፣ ስናተኩር የሚነቃ ሌላ አለ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛል። ለተራ ዕቃ ያልታሰበ አገልግሎት ቶሎ የሚያገኙ ሰዎች ላይ ግን ሁለቱ ተግባብተው ይሠራሉ። ይሄ ደግሞ እኔ በተነሣሁት ዓይነት ምስል ላይ አይታይም። ወይ ራሴን እያጽናናሁ ነው።

ተራ ዕቃ ስል… መስኮቴ ላይ ያለችው ማንኪያ። አዎ፣ ያችው የምትስቁባት። እናቴ ናት የሰካቻት። መቼ እንደሆነ ግን ነግሬያችሁ አላውቅም። ስትሮክ ከመታት በኋላ ነው። የእሷ ምስል ላይ ግራው በኩል ጠቁሮ ነበር፤ ለማሳየት እስክሪብቶም አላስፈለገ። «መስኮት» የምትለው ቃል ጠፍታባታለች። መስኮቱ ሲንጓጓ እኔ «ባለሙያ እንጠራለን» እያልኩ ስልክ እጎረጉራለሁ፤ እሷ ዝም ብላ ተነሥታ…

ምን ልል ነበር?

አሁንም እዚያው ናት። ነፋስ ሲመጣ ትንቀጫቀጫለች፣ ቀረጻው ላይ ትሰማ ይሆናል። ቆዩ እስኪ…