ልጄ ስታድግ ስንት ትሆናለች?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራችሁ፣ ልጄ እዚሁ አጠገቤ ተኝታለች። አስር ወር ሞላት። ወሬዬም ስለ እሷ ነው፣ ስለ ቁመቷ።

ከተወለደች ጀምሮ ያያት ሰው ሁሉ ስለ ቁመቷ አንድ ነገር ሳይል አይሄድም። "እግሯን አየሽው? መለሎ ነው የምትሆነው" ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ ወደ እኔ ዞር ይልና "እንግዲህ አንቺን ካልመሰለች..." ብሎ ዝም ይላል። እኔ 156 ሳንቲ ነኝ፣ ባለቤቴ 178። ልጅ እያለሁ ሰልፍ ላይ ሁሌም ከፊት የምቆመው እኔ ነበርኩ፣ ስለ ቁመቴም ብዙ ተብያለሁ። ለዚህ ነው ያቺ ዝምታ ውስጤ የቀረችው።

ስለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር አመጣሁና አልጋ ላይ አስተኝቼ ለካኋት። 71 ሳንቲ። በማግስቱ ደግሜ ስለካት 73! ልጅ በአንድ ሌሊት ሁለት ሳንቲ አያድግም። አልጋው ለስላሳ ነው፣ ሜትሩ ይታጠፋል፣ እሷም ጉልበቷን ሰብሰብ ታደርጋለች። በኋላ ለክትትል ስወስዳት የለካቻት ነርስ እንዴት እንደሚደረግ አሳየችኝ። ጠንካራ ሰሌዳ ላይ በጀርባዋ አስተኛቻት፣ እኔ ጭንቅላቷን ከሰሌዳው ራስጌ ጋር አስጠግቼ ያዝኩ፣ እሷ በአንድ እጇ ጉልበቶቿን ቀስ አድርጋ ተጫነችና የውስጥ እግሯ ቀጥ ብሎ ሲቆም ተንሸራታቹን እንጨት አስጠጋችው። 71 ተኩል። ለካ ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተኝቶ ነው የሚለካው፣ ከዚያ በኋላ ቆሞ። ያው ልጅ ተኝቶ ሲለካ ደግሞ ከቆመበት በ0.7 ሳንቲ ገደማ ይረዝማል፣ ስለዚህ ሁለት ዓመት ላይ ልጃችሁ ያጠረ ቢመስላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ትንበያው ልምጣ። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፣ ጄምስ ታነር የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት እድገት ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1970 ካወጣው ሥራ የመጣ ነው። የእናትና የአባትን ቁመት ትደምራላችሁ። ለወንድ ልጅ 13 ትጨምራላችሁ፣ ለሴት 13 ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ ለሁለት ማካፈል ነው። 13ቱ በአዋቂ ወንዶችና ሴቶች መካከለኛ ቁመት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የእኛ 156 ሲደመር 178፣ 334። 13 ሲቀነስ 321። ለሁለት ሲካፈል 160 ተኩል።

ደስ አለኝ። ግን ስሌቱ እዚህ ላይ አያልቅም። ከዚያ ቁጥር 8 ተኩል ሳንቲ ወደ ላይም ወደ ታችም መተው አለበት። ማለትም ልጄ ከ152 እስከ 169 የትኛውም ቦታ ልታርፍ ትችላለች። ከእኔ አጥራም ከእኔ በጣም ረዝማም ማለት ነው! ሁለት እህትማማቾች ከአንድ እናትና አባት ተወልደው አንዷ የሌላዋ ትከሻ ላይ ስትቀር አይታችኋል አይደል? ስሌቱ ለሁለቱም የሚሰጠው አንድ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከቁመት ጋር የተያያዙ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ የዘረ መል ልዩነቶችን አግኝቷል። ከእነዚህ የትኛው ለየትኛው ልጅ እንደደረሰ ሁለት ቁጥር ደምሮ ማወቅ አይቻልም።

"ሁለት ዓመት ሲሞላው ያለውን ቁመት እጥፍ አድርጊ" የሚባለውም አለ፣ ለሴት ልጅ አንድ ዓመት ተኩል ላይ። እንደ ግምት መጥፎ አይደለም። ግን ለምን ሁለት ዓመት ተጠበቀ? ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ብዙ እናቶች በከንቱ የሚጨነቁትም እዚህ ጋ ነው።

ልጅ ሲወለድ ያለው ርዝመት ስለ እናቱ ማህፀን ነው ይበልጥ የሚናገረው። ስንት ሳምንት ቆየ፣ የእንግዴ ልጁ ምን ያህል መገበው፣ እናቱ እንዴት ነበረች። ከተወለደ በኋላ ግን ከወላጆቹ የወረሰው እየገነነ ይመጣል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታትም ልጁ የራሱን መስመር ይፈልጋል። ትንሽ ሆኖ የተወለደ የረጃጅሞች ልጅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትልቅ ሆኖ የተወለደ የአጫጭሮች ልጅ ቀዝቀዝ ይላል። የእኔዋ 52 ሳንቲ ሆና ነው የተወለደች፣ ብዙዎቹ ወደ 50 ናቸው። እድገት መከታተያው ካርድ ላይ ከላይኛው መስመር አጠገብ ነበረች፣ አሁን አስር ወር ላይ መሃለኛው ላይ ወርዳለች። ያንን ነጥብ ሳይ ሆዴ ነው የተላወሰው። ምን አጎደልኩባት ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። ክብደቷ ደህና ነው፣ ትበላለች፣ ትጫወታለች። ሐኪሙ ካርዱን አገላብጦ አይቶ "ቦታዋን እየያዘች ነው" አለኝ።

ይሄ ማለት ግን መውረድ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ክብደቱም አብሮ ከወረደ፣ ተቅማጥ ከተመላለሰበት፣ ወይም ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ መስመሩን እየለቀቀ ከሄደ ቶሎ ማሳየት ነው። ምግብና ሕመም ቁመት ላይ እጃቸው አለበት።

አንድ አባት ልንገራችሁ። ሞንትቤያር የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1759 ወንድ ልጅ ተወለደለትና በየስድስት ወሩ እየለካ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ መዘገበው። ወዳጁ ቡፎን፣ የተፈጥሮ ተመራማሪ የነበረው፣ መጽሐፉ ውስጥ አሳተመለት። የእድገት ተመራማሪዎች ዛሬም ያንን መዝገብ ይጠቅሱታል፦ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ እየቀዘቀዘ፣ ጉርምስና ላይ እንደገና ሽቅብ። ይሄን ሁሉ ያሳየው የአንድ ልጅ ቁመት ነው፣ ሳይሰለች የተለካ።

እኔም ደብተር ገዝቻለሁ። የሚቀጥለው ልኬት ዓመት ሲሞላት ነው። ጭንቅላቷን እኔ እይዛለሁ፣ ጉልበቷን ባለቤቴ።