ከሮቦቱ በፊት ሚዛኑ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ወጣት መሐንዲሶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ጎማ ፋብሪካ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። የሌሊት ፈረቃ ላይ ጎማውን በሻጋታ ውስጥ በሙቀት የሚያበስለው ፕሬስ ሲከፈት ጎማው እንደ ማስቲካ ተዝለግልጎ ሻጋታው ላይ ተለጠፈ። ቀጣዩም ያው። ሲጣራ፣ መዛኙ ልጅ አንዲት ፌስታል ድኝ ሳይጨምር ቀርቷል። ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ፈረቃ በተከታታይ የቆመ ሰው ነበር።

ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 እንደደረሰበት፣ ላስቲክን ጠንካራና ተለጣጭ የሚያደርገው ድኝና ሙቀት ነው። ያቺ ፌስታል ከሌለች የቀረው ልፋት ሁሉ ገደል ገባ።

ስለ አውቶሜሽን ሲነሳ ግን ሥራ አስኪያጆች የሚያሳዩኝ ጎማ የሚያነሳ የሮቦት ክንድ ቪዲዮ ነው። ያምራል፣ ለጎብኚም ይመቻል። እኔ የምጠይቀው ስለ ሚዛን ክፍሉ ነው። ድኙ፣ ድኙን ቶሎ እንዲሠራ የሚያግዙት ዚንክ ኦክሳይዱና አክስለሬተሩ አሁንም በማንካ ነው የሚመዘኑት? ራሱ የሚመዝን ማሽን፣ በየከረጢቱ ባርኮድ፣ አንዱ ከጎደለ አልሠራም የሚል ሚክሰር፣ ማለትም ላስቲኩንና ቅመሞቹን የሚያደባልቅ ማሽን ይኑራችሁ። ያን ሌሊት የሚያድነን ይሄ ነበር።

ሚክሰሩ ራሱ የቆየ ነገር ነው። ፈርንሊ ባንበሪ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። አሁን ማሽኑ ሙቀቱንና የበላውን ኤሌክትሪክ እያየ ቅልቅሉን ያወርዳል። ሰዓት ብቻውን አያስተማምንም፤ የተፈጥሮ ላስቲክ የዛፍ ወተት ስለሆነ አንዱ እሽግ ከሌላው ይለያል። ድሮ ይህን በጆሮው የሚለይ ኦፕሬተር ነበረን። ሞተሩ ሲያቃስት ያዳምጣል፣ ድምፁ ሲለዝብ «በቃ፣ አውርዱት» ይላል። አደራ፣ ሴንሰር ስትገጥሙ እንዲህ ያለውን ሰው አታሰናብቱ። ቁጥሩን ከጎኑ ቁጭ ብላችሁ አስተካክሉት።

ሮለሩን ሳላነሳ አልወርድም። ሁለት ሲሊንደር ወደ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ሰው ትኩሱን ላስቲክ በእጁ ይመግበዋል። ጓንት ከያዘ እጅም አይለቅም። አውቶማቲክ መመገቢያ መጀመሪያ የሚገባው እዚህ ነው።

እስከዚያው ነገ ፋብሪካ ስትገቡ ሮለሩን ባዶውን አስነሱና የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ዘንግ ግፉት። ስንት ሴንቲሜትር ተሽከርክሮ እንደቆመ ለኩ። ቁጥሩን ይዛችሁ ኑና ስለ ሮቦቱ እናወራለን።

አመሰግናለሁ።