ፈረስ ያስተዋወቀን ሰዎች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከየቀበሌው ፈረሳችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ወደ እንጅባራ ስመጣ እዚህ የማውቀው አንድም ሰው አልነበረም። ለማስተማር ተመድቤ ነው የመጣሁት። ብርዱና ጭጋጉ ለእናንተ ተራ ነገር ነው፤ ለእንግዳ ግን ይከብዳል። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሰላምታችን ጥሩ ነበር። ሥራ ሲያልቅ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እኔም ወደ ኪራይ ቤቴ። ዛሬ እዚህ ሜዳ ላይ ዞር ስል ቤታቸው ገብቼ ቡና የጠጣሁ፣ ለቅሶአቸው ላይ የተቀመጥኩ፣ ልጆቻቸውን በስም የማውቅ ብዙ ሰዎች አያለሁ። አብዛኞቹን ያገናኘኝ ቦራ ነው።

ቦራን የማታውቁት ካላችሁ፣ ያ ከዛፉ ሥር የታሰረው ዳማ ፈረስ ነው። ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ነጭ የወረደበት። የተኮላሸ ሰንጋ ነው፣ ጸባዩም ልዝብ ነው። ከአንድ ገበሬ ነው የገዛሁት፤ እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሲያርስ የኖረ ፈረስ ነው። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ሞፈርና ቀንበር የበሬ ነው፤ በአዊ ግን ፈረስም ያርሳል። ይህን መጀመሪያ ሳይ ቆሜ ነበር የተመለከትኩት።

አንድ ቀን ከቦራ ጋር ወደ ዘንገና ሐይቅ እየሄድን ነበር። አንድ አዛውንት ከኋላ በበቅሎ ደረሱብን። ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት «ልጄ፣ ውረድ» አሉኝ። «የፊት ቀኝ እግሩ ላይ ጠጠር ገብቶበታል።» ቦራ ገና አላነከሰም። «አባባ፣ በምን አወቁ?» አልኳቸው። «ድምፁ» አሉ። የሦስቱ ኮቴ አንድ ዓይነት ይመታል፣ የአንዱ ይሳሳል። ወርደው በትከሻቸው ቦራን ደገፍ አደረጉትና እጃቸውን ከጉልበቱ ወደ ታች ቀስ እያሉ አወረዱ። እግሩን ራሱ አነሳላቸው። በእንጨት ቆፈር ሲያደርጉት የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ጠጠር ወጣች። መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝና ወረወሯት።

ከዚያ ግንባሩን አዩት። «ይህ የእገሌ ፈረስ አይደለም እንዴ? እናቱንም አውቃታለሁ፤ ወንዝ የማትፈራ ባዝራ ነበረች።» ሳቅን። እሳቸው ቤት ደርሰን የተቆላ ገብስ ቀረበልኝ፤ ለቦራም ሣር ቀረበለት። ያን ዕለት የገባኝ ነገር አለ። እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ ቦራ ግን እንግዳ አይደለም። የተወለደበት ደጅ፣ ያረሰበት ማሳ፣ የሚያውቁት ሰዎች አሉት። እሱን ስገዛ ዝምድናውንም አብሬ ነው ያገኘሁት። በየመንገዱ «አባ ቦራ!» እያሉ ይጠሩኛል። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አሉላን አባ ነጋ ብሎ በፈረሱ ስም የጠራ ሕዝብ ውስጥ በፈረሴ ስም መጠራት ለእኔ ትልቅ ክብር ነው።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን የወጣሁበት ቀን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር መንገድ ላይ የተማርኩትን በተለይ ለወጣቶቹ ልንገራችሁ፤ ወዳጅነቱ የሚሠራው እዚያ ነውና።

የማታውቁት ፈረሰኛ ሲመጣ ካያችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ሽምጥ እየጋለቡ በሰው አጠገብ ማለፍ ጉብዝና አይደለም። የሌላው ፈረስ አብሮ ሊነሳ፣ የተቀመጠበትም ሊወድቅ ይችላል። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፣ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ምክንያቱን አይጠይቅም። ድንጉላ፣ ማለትም ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ፣ የያዘ ከሩቅ «ድንጉላ ነው!» ብሎ ይናገር። ባዝራ የያዘም እንደዚሁ ይናገር። የሚራገጥ ፈረስ ከኋላ ይሁን፣ ከፊቱ ካለው ፈረስም ራቅ ይበል። ከዚያ ቆም በሉና እንስሶቹ ይተያዩ። ጆሯቸውን ወደ ፊት አቁመው አፍንጫ ለአፍንጫ ከተሸታተቱ መልካም ነው። ጆሯቸው ወደ ኋላ ከተኛ አለያዩአቸው፣ ጊዜ ስጧቸው። እነሱ እስኪላመዱ እናንተ ደግሞ «ከየት ነህ? የት ትሄዳለህ?» ትባባላላችሁ። በእግሩ የሚሄድ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል፤ ፈረሰኛ ግን ሳይወድ በግዱ ይቆማል። ያቺ መቆም ናት ለእኔ ብዙ ሰው የሰጠችኝ።

አብሮ መንገድ ከተጀመረ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው ደካማው ፈረስ ነው። ስግሪያው የሚያምር ፈረስ ያለው ሰው ይህ ይከብደዋል፣ አውቃለሁ። ግን ሶምሶማ የማይችል ውርንጭላ ወይም ያረጀ ፈረስ አብሯችሁ ካለ በእርምጃ ሂዱ። ወንዝ ላይ ስትደርሱ የጠጣው ፈረስ ያልጠጣውን ጥሎ አይሂድ። ጓደኞቹ ሲርቁ ያየ ፈረስ ውሃውን ትቶ ይከተላቸዋል፣ ጥሙንም ይዞ ይውላል። ስለዚህ የመጨረሻው ፈረስ ቀና እስኪል ሁላችንም እንቆማለን። አንድ ሰው ለእኔ ፈረስ ብሎ ውሃ ውስጥ እግሩ እየቀዘቀዘ ሲጠብቅ ሳይ ስለዚያ ሰው ብዙ ነገር አውቃለሁ። ቤት ስንደርስም ኮርቻውን አውርደን ግላሱን ገልጠን የአንዳችንን ፈረስ ጀርባ አንዳችን እናያለን። ገጣባ፣ የኮርቻ ቁስል፣ ሲጀምር በእጅ ሲዳሰስ ይሞቃል። የራስን ፈረስ ስለለመዱት የማያዩትን ጓደኛ ያየዋል።

ይህ ሁሉ እዚህ አገር አዲስ አይደለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ፈረሶች በአድዋና በኋላም በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዋሉትን ውለታ ለመዘከር ነው አባቶች የተሰባሰቡት። ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ሜዳው በፈረስ ሲሞላ፣ ጉግሱ ሲደምቅ፣ ያየ ሁሉ ይገረማል። እኔም በየዓመቱ እገረማለሁ። ማህበሩ ግን ለትዕይንት ብቻ የቆመ አይደለም። ሰርግ ያጅባል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዚገም የመጡ ሰዎች በአንድ ሜዳ የሚገናኙት በየመንገዱ የሚተዋወቁ ፈረሰኞች ስላሉ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝን በግልጽ ልናገር። አንዳንድ ወጣቶች ፈረሱን የሚያወጡት በዓል ሲደርስ ብቻ ሆኗል። በቀሪው ጊዜ ፈረሱ ደጅ ታስሮ ይውላል፤ ልጁ በሞተር ወይም በባጃጅ ይሄዳል። ሞተርን አልቃወምም፣ ሥራ አለ፣ ሩቅ መንገድ አለ። ግን ወራት ታስሮ የከረመ ፈረስ ጥር 23 ከሺህ ፈረስ መሐል ድንገት ሲገባ ይደነግጣል፣ ይራገጣል፣ ሰው ይጎዳል። ባለቤቱም ከጎኑ የቆመውን ፈረሰኛ አያውቀውም። በበዓሉ ቀን ፎቶ መነሳት እንጂ መወዳጀት አይቻልም፤ ግርግሩ አያስችልም። ወዳጅነት ጊዜ ይፈልጋል። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።

ፈረስ ለሌላችሁም አንድ ነገር ልበል። ወደዚህ ከተማ ለሥራ የመጣችሁ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ እንደ እኔ እዚህ ዘመድ የሌላችሁ፣ አትፈሩ። ፈረስ ያለውን ሰው ሄዳችሁ አናግሩት። «ልንካው?» በሉ። ከኋላው አትምጡበት፣ ከኋላው በቀጥታ ያለውን አያይምና። ከጎኑ ቀርባችሁ አንገቱን ዳብሱት። ባለቤቱ ስለ ፈረሱ ማውራት ከጀመረ ቶሎ አያቆምም፤ እኔን እያያችሁኝ ነው። ፈረስ ያላችሁ ደግሞ ልጓሙን ያዙና እንግዳውን አስቀምጡት፣ እናንተ በእግር ሂዱ። አንድ ሰዓት በሰው ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው አገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። እኔን እንደዚያ ያስቀመጡኝ ሰዎች እዚህ አሉ፣ ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

በመጨረሻ ግብዣ አለኝ። የፊታችን እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ከዚሁ ሜዳ ተነስተን ወደ ዘንገና እንሄዳለን። አስፋልቱን ትተን በቀርከሃውና በዲከረንስ ዛፍ ማሳዎቹ መሐል ባለው የእግር መንገድ ነው የምንሄደው፣ በእርምጃ። ግልቢያ የለም። የምሳ እንጀራ ሁሉም ይያዝ፣ ለፈረሱም ገብስ። ፈረስ የሌላችሁ ኑ፣ በተራ እናስቀምጣችኋለን። ድንጉላ የምታመጡ ግን ዛሬውኑ ንገሩኝ፣ ከኋላ ቦታ እንይዝላችኋለን። አመሰግናለሁ።