ቱቦው ሲገባ መውጫውም ይታሰብ

ክቡራን እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ደግሞ ልጆቻችሁን ታቅፋችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ወደ ሐዋሳ በደህና መጣችሁ።

ዛሬ ኅዳር 8 ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በዓለም ዙሪያ የሚታሰቡበት ቀን ነው። ስለ እነዚህ ልጆች በተወራ ቁጥር ቶሎ የሚነሳው የማሽን ጉዳይ ነው። ስንት ቬንትሌተር፣ ማለትም የመተንፈሻ ማሽን፣ አለ? መቼ ይጨመራል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ዛሬ ላነሳ የምፈልገው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ነው። ማሽን ላይ የገባው ልጅ እንዴት ይወጣል?

አንድ ኪሎ የማይሞላ ልጅ ሳንባው ገና ነው። የአየር ከረጢቶቹ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርገው ሰርፋክታንት አልበቃውም። ስለዚህ ማሽኑ ሕይወቱን ያተርፋል። ያው ማሽን ግን በቆየ ቁጥር ሳንባውን ይጎዳል። ግፊቱ ይጎዳዋል፤ የበዛ ኦክስጅን ይጎዳዋል፤ ከማሽኑ ወደ መተንፈሻ ቧንቧው የሚገባው ቱቦ ራሱ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ይህ ጉዳት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ከስታንፎርድ በወጣ ጽሑፍ ነው በሚገባ የተገለጸው። ከሞት የተረፉት ልጆች ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ይዟቸው ተገኙ። ስለዚህ ቱቦው በገባበት ቀን ስለሚወጣበት ቀን ማሰብ መጀመር አለብን። ዙር ስናደርግ በእያንዳንዱ አልጋ ላይ «ዛሬ ለምን አይወጣም?» ብለን እንጠይቅ። በቂ ምክንያት ካለ ይቆይ። ምክንያቱ «ሌሊቱን ይደርና ነገ እናያለን» ብቻ ከሆነ ግን አይበቃም።

አሁን ወደ ካፌይን ልምጣ። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አንጎሉ መተንፈስን ይረሳል። ሃያ ሰከንድ ዝም ይላል፤ የልብ ምቱ ይወርዳል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል። ካፌይን ያነቃዋል። አዎ፣ እዚህ ሲዳማ ጓሯችን በሚበቅለው ቡና ውስጥ ያለው ያው ካፌይን ነው። እናቶች፣ ይህን ስል ለልጁ ቡና አቅምሱት ማለቴ አይደለም፤ በፍጹም። እኛ የምንሰጠው በክብደቱ ተሰልቶ በሚሊግራም የሚለካ መድኃኒት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ከሩብ የሚመዝኑ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ካፌይን ያገኙት ካላገኙት አንድ ሳምንት ያህል ቀድመው ከመተንፈሻ ድጋፍ ወጡ። ሥር የሰደደው የሳንባ ሕመም ካላገኙት 47 በመቶውን ያዘ፤ ካገኙት 36 በመቶውን። ካፌይን በማይገኝበት ቦታ አሚኖፊሊን የሚባል ሌላ መድኃኒት እንጠቀማለን። እሱም ይሠራል፤ ግን ልብ ያስሮጣል፤ ጥንቃቄውም ይበዛል። ካፌይን ከፋርማሲያችን መጥፋት የለበትም።

ልጁ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ወደ 30 በመቶ ሲወርድ፣ ማሽኑ በደቂቃ የሚሰጠው ትንፋሽ ሲቀነስለት፣ በራሱም ደህና ሲተነፍስ ቱቦው የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ማሽኑ ትንፋሽ መስጠቱን አቁሞ ልጁ በቱቦው ብቻ ለሰዓታት «ይሞከር» ተብሎ አይተው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የምናስገባው ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 2.5 ሚሊሜትር ነው። በዚያ ውስጥ ሰዓታት ሙሉ ተንፍሱ ብንባል እኛም ይደክመናል። የማሽኑ ትንፋሽ ዝቅ ሲል በቀጥታ ይውጣና ወደ ሲፓፕ፣ ማለትም በአፍንጫ በኩል አየር በግፊት ወደሚሰጠው መሣሪያ፣ ይሂድ።

ሲፓፑ ቀድሞ ይዘጋጃል። ውኃው፣ ግፊቱን የሚወስነው የሲፓፑ ቱቦ ውኃው ውስጥ የሚጠልቅበት ሴንቲሜትር፣ በልኩ የሆነ የአፍንጫ መግጠሚያ፣ ኮፍያው፣ ሁሉም እዚያው ይሁን። ፕላስተሩ በእርጥብ ጥጥ ቀስ ተብሎ ይነሳል። የዚህ ልጅ ቆዳ ከፕላስተር ጋር አብሮ ይላጣልና። ከዚያ የመተንፈሻው ቱቦ ይወጣል፤ ሲፓፑ ወዲያው ይገባል። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ይጀምራል። አረፋው ከቆመ ግፊቱ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው።

ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መሃል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ማሽን ላይ ያለ ልጅ ሲያለቅስ ፊቱ ይጨማደዳል፤ አፉ ይከፈታል፤ ድምፅ ግን የለም። ቱቦው ሲወጣ ሻካራ፣ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ብዙ እናት የልጇን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው ያኔ ነው።

ቀጣዮቹ ሰዓታት የነርሷ ናቸው። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ያቃስታል? መግጠሚያው አፍንጫውን እያቆሰለው ነው? አንዳንዱ ልጅ ይደክመዋል፤ ቱቦው ተመልሶ ይገባል። ይህን ለእናቱ ቀድመን እንንገራት። «አይዞሽ እናቴ፣ ዛሬ ልናወጣለት ነው። ቢደክመው ግን እንመልስለታለን፤ ሲጠነክር እንደገና እንሞክራለን» እንበላት። ያልተነገራት እናት ቱቦው ሲመለስ ስታይ ልጄ አለቀለት ብላ ነው የምታለቅሰው።

የበጀት ኃላፊዎች፣ እዚህ ስላላችሁ ደስ ብሎኛል። ማሽን ስትገዙ ከእሱ ጋር ሦስት ነገር አብራችሁ ግዙልን። አንደኛው ኦክስጅንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ብሌንደር ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ብቻ የሚሄድለት ልጅ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። የደም ኦክስጅኑን ከ90 እስከ 95 በመቶ ለማቆየት የሚያስችለን ማቀላቀያው ነው። ሁለተኛው በየልኩ የአፍንጫ መግጠሚያ ነው። ሦስተኛው መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካ ኃይል ነው። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሌሊት ነርስ እንፈልጋለን። ብዙ ሕፃን ብቻዋን የያዘች ነርስ ዛሬ ቱቦ የወጣለትን ልጅ አጠገቡ ሆና ልትጠብቀው አትችልም። ሐኪሙም ይህን ስለሚያውቅ «ነገ ይውጣ» ይላል። ልጁ ማሽን ላይ አንድ ሌሊት የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ልመናዬ ስለ እናቶች ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ውጤቱ የታተመ፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ከአንድ ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ አካባቢ የሚመዝኑ ሕፃናት ከተወለዱ ብዙም ሳይቆይ እናታቸው ደረት ላይ ሲደረጉ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ከ15.7 በመቶ ወደ 12 በመቶ ወረዱ። ከቱቦ ወጥቶ ሲፓፕ ላይ ያለ ልጅም፣ ከተረጋጋ፣ እናቱ ደረት ላይ መሆን ይችላል። እኛ ጋ የሚጎድለው እናቲቱ የምትጋደምበት አልጋ ነው። አራስ ሴት ኮሪደር ላይ ነጠላ አንጥፋ ማደር የለባትም። አልጋው ከቬንትሌተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ገንዘብ ነው። በዘንድሮው በጀት ይካተትልን።

አመሰግናለሁ።