«አርጅተው ነው» አትበሉ፦ ስለ ፕሪዮን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ፕሪዮን ባክቴሪያ ነው ቫይረስ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይደለም። ፕሮቲን ነው። ጤነኛው ዓይነት በሁላችንም አንጎል ውስጥ አለ። አንዱ ቅርጹ ሲዛባ ግን ጤነኛውን እየነካ እሱንም ያዛባል፣ ያኛው ደግሞ ሌላውን። በመጨረሻ አንጎሉ እንደ ስፖንጅ ይበሳሳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ስታንሊ ፕሩሲነር ይህን እ.ኤ.አ. በ1982 ሲናገር ብዙዎች አላመኑትም። በ1997 ኖቤል ሸለሙት።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ እረሳለሁ። ፕሪዮን ይሆን?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ማታ ስልክህን አስቀምጠህ ተኛ።

ጥያቄ፦ ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ። የእብድ ላም በሽታ ይይዘኛል?

መልስ፦ ይቺ ጥያቄ ቀርታ አታውቅም! ይህ የከብቶች የፕሪዮን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1986 ብሪታንያ ውስጥ ተለየ። የተዛመተው ከብቶቹ ከከብት ሥጋና አጥንት የተሠራ መኖ ይበሉ ስለነበር ነው። ወደ ሰው መተላለፉ በ1996 ይፋ ሆነ። ፕሪዮን በማብሰል አይጠፋም፤ በዚህ በኩል ጥሬውም ጥብሱም አንድ ነው። ደስ አይበልህ፣ ኮሶ ግን እሳት አይችልም። አብስለህ ብላ።

ጥያቄ፦ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ስማችንን ይረሳሉ፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። ጎረቤት «እርጅና ነው» ይላል። እንቅልፍ ስላጡ ከፋርማሲ ኪኒን ገዝተን እንሰጣቸዋለን።

መልስ፦ እህቴ፣ እርጅና በሁለት ወር አይመጣም። በሳምንታት የመጣ መርሳት እርጅና አይደለም! ስንቴ ልበል? የእንቅልፍ ኪኒን ራሱ ሽማግሌ ያደናግራል፣ ይጥላል። ያለ ሐኪም አትስጡ፣ በድንገትም አታቋርጡ፤ ኪኒኑን ይዛችሁ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ክሮይትስፌልት ያኮብ የሚባለው የፕሪዮን በሽታ እንዲህ ሊጀምር ይችላል። መድኃኒት የለውም፣ አብዛኞቹ ታማሚዎች ዓመት አይሞላቸውም። ግን ብርቅ ነው፤ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢይዝ ነው። እሱን የሚመስሉ በሽታዎች ግን ብዙ ናቸው፣ የሚታከሙም አሉባቸው። ጭንቅላታቸውን ተመትተው ውስጥ የተጠራቀመ ደም ሊሆን ይችላል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ የአንጎል ሽፋን ቲቢ፣ ቂጥኝ ሊሆን ይችላል። ቤት አስቀምጣችሁ «አርጅተው ነው» ስትሉ የሚያመልጣችሁ ይሄ ነው።

ጠበሉን አልከለክልም። ምርመራውን ግን አያስቀርም። ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል የሚያነሳው ምርመራ) ሲታዘዝ አታዘግዩ። ለምርመራ ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ሽባ ያደርጋል የሚለውንም ወሬ ተዉት፤ ስንት ቤተሰብ በዚህ ፈርቶ ታማሚውን ይዞ ይመለሳል!

ጥያቄ፦ ከታማሚ ጋር መብላት ያስተላልፋል?

መልስ፦ አያስተላልፍም። እቀፏቸው፣ አጉርሷቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ በዚህ በሽታ ሞታለች። እኔም ይይዘኛል?

መልስ፦ እግዜር ያጽናሽ። አብዛኛው በዘር አይደለም። ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ግን ነው፤ እስራኤል ውስጥ ከሊቢያ በመጡ አይሁድ ቤተሰቦች ዘንድ ጎልቶ ይታያል። ያንቺን በስልክ አልፈርድም። የእናትሽን የሕክምና ወረቀት ይዘሽ የነርቭ ሐኪም ጋ ሂጂ።