የወፎች ዘረመልና ፈጣን ለውጥ፦ ለአድማጮች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወፍ ምግቡ ሲጠነክርበት ምንቃሩን ያሳድጋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ዘወትር እሰማለሁ፤ መልሴም ያው ነው። አንድ ወፍ ዘረመሉን ከችግሩ ጋር እንዲስማማ አድርጎ አይለውጥም፤ የሚለወጠው ከትውልድ ወደ ትውልድ የወፎቹ ስብስብ ነው። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች፣ ዳፍኒ ሜጀር በተባለች ትንሽ ደሴት፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊንች የሚባሉትን ወፎች አንድ በአንድ እየለኩ ተከታትለዋል። በ1977 ድርቅ ሲገባ ትንንሾቹ ፍሬዎች አልቀው ትልልቆቹና ጠንካሮቹ ቀሩ፤ ከፊንቾቹ ዝርያዎች አንዱ ከሆነው ከመካከለኛው የምድር ፊንችም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው አለቀ። የተረፉት በአብዛኛው ትልቅ ምንቃር ያላቸው ስለነበሩ ጫጩቶቻቸውም ያንኑ ወረሱ። ልብ በሉልኝ፦ ትልቁ ምንቃር ከድርቁ በፊትም ነበረ። ልዩነቱ አስቀድሞ ባይኖር ኖሮ ድርቁ የሚመርጠው አይኖርም ነበር።

ጥያቄ፦ የምንቃር ጂን የትኛው ነው?

መልስ፦ ጂን ማለት ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያወርስ የዘረመል ክፍል ነው፤ የምንቃሩ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ኤ.ኤል.ኤክስ.1 የተባለው ጂን ከምንቃር ቅርጽ ጋር፣ ኤች.ኤም.ጂ.ኤ.2 ደግሞ ከመጠኑ ጋር መያያዛቸው በ2015 እና በ2016 ታውቋል። የእነዚህ ጂኖች የተለያዩ ዓይነቶች ጥንታውያን ናቸው፤ ፊንቾቹ አልፎ አልፎ ከሌላ ዝርያ ጋር ስለሚዳቀሉም ዓይነቶቹ ከዝርያ ወደ ዝርያ ይሻገራሉ። ለውጡ የሚፈጥነው አዲስ ነገር እስኪፈጠር ስለማይጠበቅ ነው፤ ልዩነቱ፣ ደጋግሜ እንደምለው፣ በእጅ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ በቀለም የሚለያዩ ሁለት ወፎች የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው?

መልስ፦ የግድ አይደለም፤ ከአንድ እናትና አባትም ቀለማቸው የተለያየ ጫጩቶች ይፈለፈላሉ።

ጥያቄ፦ አናታቸው ላይ የላባ ጉትያ ያላቸውን ካናሪዎች ለማብዛት፣ ባለ ጉትያ ወንድምና እኅት እያጣመርኩ አስፈለፍላለሁ። በዳፍኒ ሜጀርም ወንድምና እኅት ተጣምረው ዘራቸው እንደቀጠለ አንብቤአለሁ። ታዲያ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን እባክዎ ዛሬውኑ ያቁሙ። ጫጩት ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የጂን ቅጂ ይወርሳል። የካናሪ ጉትያ የሚወጣው ከጉትያው ጂን አንድ ቅጂ ሲወረስ ነው፤ ሁለት ቅጂ የወረሰ ጽንስ ወይም ጫጩት ግን ይሞታል። ባለ ጉትያን ከባለ ጉትያ ሲያጣምሩ በአማካይ ከአራት ጽንሶች አንዱን ለሞት ይዳርጋሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ ባለ ጉትያው የሚጣመረው ጉትያ ከሌለው ጋር ብቻ ነው። የሥጋ ዝምድናው ሲጨመርበት ደግሞ በአንድ ቅጂ ተደብቀው የቆዩ ጎጂ ጂኖች ከሁለቱም ወላጆች ተገናኝተው ይወጣሉ፤ ውጤቱም የማይፈለፈል እንቁላል፣ ደካማ ጫጩትና በሽታን የማይቋቋም ወፍ ነው።

ያነበቡት እውነት ነው። በ1981 አንድ ወንድ ፊንች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከኤስፓኞላ ደሴት ወደ ዳፍኒ ሜጀር መጥቶ ከአገሬው ወፍ ጋር ተዳቀለ፤ ዘሮቹም ከጊዜ በኋላ እርስ በርሳቸው ብቻ መራባት ጀመሩ። በኋላ በመጣ ድርቅ የተረፉት አንድ ወንድምና አንዲት እኅት ነበሩ፤ ዘሩም በእነርሱ ቀጠለ። ነገር ግን ይህ ሐረግ የጀመረው ከሁለት ዝርያዎች በተገኘ ልዩነት ነው፤ ደካማውንም ድርቁ ያበጥረው ነበር። በእርስዎ ጎጆ ውስጥ መራጩ እርስዎ ነዎት፤ የሚመርጡትም ጉትያ ብቻ ነው። እርስዎ የሰሙት ደግሞ የተረፈውን ሐረግ ታሪክ ነው፤ በዝምድና መራባት ያጠፋቸውን የሚተርክልን የለም።

የማይፈልጓቸውን ካናሪዎችዎንም ወደ ዱር አይልቀቁ። በሃዋይ ከአንድ የፊንች ቅድመ አያት ከ50 የሚበልጡ ዝርያዎች ተገኝተው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ጠፍተዋል፣ ለዚህም ከውጭ የገባው የወፍ ወባና እርሱን የሚያስተላልፈው ትንኝ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በሽታ ከእንግዳ ወፍ ጋር ሊገባ እንደሚችል ማንም አርቢ ሊዘነጋ አይገባም።

ጥያቄ፦ የበቀቀኔ ምንቃር በአንድ ዓመት ውስጥ ከልክ በላይ ረዘመ። ዝግመተ ለውጥ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አንድ ወፍ ብቻውን ዝግመተ ለውጥ አያደርግም ብያለሁ። የጉበት በሽታ ወይም ጥገኛ ተባይ ሊሆን ስለሚችል፣ ራስዎ ለመቁረጥ ሳይሞክሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።