ከአበባዋ ስር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነው የማወራው። አንዲት ቢጫ አበባ ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች።

በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ፣ በጅረት ዳርና በጨፌ የምትበቅል ናት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የጦጣ አበባ ይሏታል። ፊቷን ሲያዩት ጦጣ መስሏቸው ነው።

መጀመሪያ ያገኘኋት ቀን ደስ አለኝና ቶሎ ቶሎ ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ከመጽሐፍ ጋር ሳመሳክር ግን ነገሩ ተበላሸ። ያነሳሁት ሁሉ ከላይ ነው። ቢጫው ከንፈሯና ጉሮሮዋ ላይ ያሉት ቀይ ነጠብጣቦች ብቻ። ቢጫ የሆኑ ዘመዶች ደግሞ ሞልተዋታል። የሚለያት ነገር ያለው ከስር ነው፤ እኔም ስሯን አላየሁም። በጣም ነው የቆጨኝ።

ከስር ስል፣ አበባዋን አቅፎ የያዘውን አረንጓዴ ከረጢት ማለቴ ነው። አምስት ጥርስ አለው። የላይኛው ከሌሎቹ ጎልቶ ይረዝማል። ዘር ስትይዝ ከረጢቱ ይነፋል። ሞስካታ የምትባለው ዘመዷ ግን ጥርሶቿ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ገላዋም ጸጉራምና የሚያጣብቅ ነው። ቅጠሎቹንም እዩ፤ ፊት ለፊት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ሥሯ ነው። ይህቺ አበባ ሁለት ዓይነት ኑሮ አላት። ውሃው ዓመቱን ሙሉ በማይደርቅበት ቦታ፣ የሚሳብ ግንድ እያወጣች ዓመት ከዓመት ትቆያለች። በጋ ላይ መሬቱ በሚደርቅበት ግን ለዚያ ጊዜ የላትም። ትበቅላለች፣ ታብባለች፣ ዘሯን በትና ትሞታለች። በቃ፣ የጥቂት ወራት ዕድሜ። የዚህችኛዋ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ የሚሳብ ግንድም የላትም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ ልዩነት ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው 8ኛው ክሮሞዞሟ፣ ማለትም የዘር መረጃዋን ከያዙት ክሮች አንዱ ላይ ተገልብጦ የተቀመጠ አንድ ቁራጭ ነው። ድርቁን ቀድማ እንድታብብ የሚያደርጋት እሱ ነው። እስቲ አስቡት!

ስሟም ተቀይሯል። የድሮ መጽሐፍ ከያዛችሁ ሚሙለስ ጉታተስ ብላችሁ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ኤሪትራንቴ ጉታታ እየተባለች ነው። ጉታታ በላቲን ነጠብጣብ ያለባት ማለት ነው።

ዘንድሮ ተመልሼ ሄድኩ። አጉሊ መነጽሬን ይዤ እርጥቡ መሬት ላይ በሆዴ ተኛሁ። ጥርሶቹን ቆጠርኩ። አምስት፤ የላይኛው ረጅም። ከዚያ ጉሮሮዋ ውስጥ ያለውን፣ የወንዴ አበባ ብናኝ የሚቀበለውን ባለ ሁለት ከንፈር ጫፍ በሳር ዘንግ ነካሁት። በሰከንዶች ውስጥ ግጥም ብሎ ተዘጋ። ብናኝ ካልደረሰው ተመልሶ እንደሚከፈት ስለማውቅ አልተነሳሁም። ልብሴ በሰበሰ፤ ክርኔ ደነዘዘ። ብዙ ቆይቶ፣ ቀስ እያለ፣ ሁለቱ ከንፈሮች ተላቀቁ።